እጅ ያልነካው ኬሚስትሪ

አዲሱ የ12ኛ ክፍል የኬሚስትሪ መጽሐፍ የሚጀምረው በአሲድና ቤዝ ነው። ተማሪው በዚያ ትምህርት ውስጥ ታይትሬሽን ከሚባለው ሥራ ጋር ይተዋወቃል። መጠኑ ያልታወቀ አሲድ በፍላስክ ይቀዳል፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ፌኖልፍታሊን ይጨመርበታል፣ ከላይ ቡሬት ከሚባለው ቀጭን ቱቦ ቤዙ በጥቂት በጥቂቱ ይንጠባጠባል። ለረጅም ጊዜ ምንም ለውጥ አይታይም። ድንገት አንዲት ጠብታ ስትወርድ ፈሳሹ በሙሉ ፈዛዛ ሮዝ ይሆናል። እዚያ ላይ መቆም ያስፈልጋል፤ እጅ ከፈጠነ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ትዕግሥትና ጥንቃቄን ከዚህ በተሻለ የሚያስተምር የክፍል ሥራ አላውቅም።

በአብዛኛው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ቡሬቱ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይሳላል። መምህሩ ፎርሙላውን ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ጥቂት ስሌት ይሠራና ወደ ኤሌክትሮኬሚስትሪ ይታለፋል። ፌኖልፍታሊን የሚለውን ስም አሳምሮ የሚጽፍ፣ ቀለሙ ሲለወጥ ግን አንድም ቀን ያላየ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ይህ ያሳዝነኛል።

ላለፉት ዓመታት ስለ 12ኛ ክፍል ስንነጋገር የቆየነው ስለ ውጤት ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው፣ ኢንትራንስ የምንለው፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑና አገር ደነገጠ። በተከታዩ ዙር 3.2፣ ቀጥሎ 5.4፣ የ2017ቱ ተፈታኞች ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሱ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ ሳያሳልፉ የቀሩበትን ውጤት ሰምተናል። ኩረጃ መገታቱ ትክክል ነው፤ ትምህርት ሚኒስቴር በዚህ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም ፈተናው የት ይሰጥ በሚለው ላይ የተከራከርነውን ያህል፣ ፈተናው ምን ይጠይቅ በሚለው ላይ አልተከራከርንም።

የኬሚስትሪው ፈተና ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ምርጫ ነው። የተግባር ክፍል የለውም። ችግሩ ሁሉ የሚፈልቀው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ቤተ ሙከራ ገብቶ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያጠፋ ተማሪ በኢንትራንስ የሚያተርፈው ነጥብ ስለሌለ፣ ርዕሰ መምህሩ ለኬሚካል ግዢ ገንዘብ ለመመደብ አይቸኩልም፤ መምህሩም በመጽሐፉ ስፋት እየተጨነቀ ሙከራውን «አንብቡት» ብሎ ያልፈዋል። የቤተ ሙከራው በር ይቆለፋል፣ ኬሚካሎቹ ጊዜያቸው ያልፋል፣ ቧንቧው ይደርቃል። ልጆቹ የድሮ ኢንትራንስ ጥያቄ ይሰበስባሉ፣ በቴሌግራም ሾርት ኖት ይለዋወጣሉ፣ ወላጁ አቅም ያለው ቲቶር ይቀጠርለታል። ልጆቹን አልወቅስም። የሚለካውን ለይተው አጥንተዋል።

ነገሩ ሥር የሰደደ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ክፍል ሲገባ ሙከራውን ቢያንስ በስክሪን ያሳያል ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር። ስርጭቱ ግን ያልገባውን ተማሪ ቆሞ አይጠብቅም ነበር፤ መምህሩም ከመግቢያና ከማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃዎች ውጭ በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋ ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሄድ ተወሰነ። የተማሪው ቁጥር በውሳኔ ሊያድግ ይችላል፤ ቤተ ሙከራ ግን ያለ በጀት፣ ያለ ውሃና ያለ ቴክኒሺያን አያድግም።

በዚህ ላይ ቋንቋው አለ። ብዙው ልጅ የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ይቀጥላል። የ11ኛ ክፍሉ የኬሚካል ኢኩሊብሪየም በቃላት ብቻ ሲነገረው ምንም ሥዕል አይሰጠውም። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የታሸገበት ቱቦ በረዶ ውስጥ ሲገባ ቡናማው ቀለም ይፈዛል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ይደምቃል። ይህን ያየ ልጅ የሌ ሻተልየን ሕግ በየትኛውም ቋንቋ ቢጠየቅ መነሻ አለው። ላላየው ግን ሕጉ የሚሸመደድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከሞያሌ ማዶ ያለውን እንመልከት። በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ኬሚስትሪ ሦስት ወረቀት አለው፤ ሦስተኛው የተግባር ነው። ተፈታኙ በእጁ ታይትሬሽን ይሠራል፣ ያልታወቀ ጨው ይመረምራል፣ ያየውን ይጽፋል። ትምህርት ቤቶች የሚያዘጋጁት ኬሚካል ዝርዝር አስቀድሞ ይላክላቸዋል። እዚያም የገጠሩ ትምህርት ቤት ከከተማው እኩል አይደለም፤ ያም ሆኖ ነጥብ ስላለው ጥቂት ቡሬትም ቢሆን ይገዛል።

«እኛ ድሆች ነን» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። በጆሃንስበርግ የዊትስ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ያዘጋጀውና ዩኔስኮ በብዙ አገሮች ያስተዋወቀው አነስተኛ የሙከራ መሣሪያ አለ፤ ሙከራው በትንንሽ የፕላስቲክ ጉድጓዶች ውስጥ በጠብታ ይሠራል። ኬሚካል ይቆጠባል፣ አደጋው ይቀንሳል፣ ብርጭቆ አይሰበርም። የቀይ ጥቅል ጎመን ጭማቂም አሲድና ቤዝን በቀለም ይለያል፤ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ከሱቅ ይገኛሉ። የአፍሪካ ኬሚስትሪ ማኅበራት ፌዴሬሽን መቀመጫው አዲስ አበባ ነው፤ የአህጉሩ የኬሚስትሪ ትምህርት መጽሔትም የሚዘጋጀው በኢትዮጵያዊው ምሁር በተመቸኝ እንግዳ ነው። ዕውቀቱ ደጃችን ላይ ነው።

እንዲያውም ከዚህች አገር የተነሳ ትልቅ የሳይንስ ታሪክ የሚጀምረው ከልብስ አጠባ ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። አረፋውን የሚሰጠው የእንዶድ ሳፖኒን ቀንድ አውጣውንም ይገድል ነበር። ከፍሬው ከተለዩት ውህዶች አንዱ በስሙ ሌማቶክሲን ተባለ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበለ። የ12ኛ ክፍሉ መጽሐፍ ስለ ሳሙና፣ ስለ ቆዳ ፋብሪካ፣ ስለ ስኳርና ስለ ሲሚንቶ ያስተምራል። እንዶድ ያልታየበት፣ አረፋው ያልተፈተሸበት ክፍል ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ምርጫ ለማጥቆር ብቻ ይነበባል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለትምህርት ሚኒስቴርና ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። ነገ ለሁሉም የተግባር ፈተና ይሰጥ አልልም፤ የማይቻል ነው፣ ፍትሐዊም አይሆንም። ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ የታወቁ ጥቂት ሙከራዎች ግዴታ ይሁኑ፤ የእያንዳንዱ ተማሪ የሥራ ደብተር ይያዝ፤ ኢንትራንሱም ሙከራውን የሠራ ልጅ ብቻ በቀላሉ የሚመልሳቸውን ጥያቄዎች ይዞ ይምጣ። ለየትምህርት ቤቱ አነስተኛው የሙከራ መሣሪያ ይገዛ፣ አንድ የቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን ይቀጠር። እናንተ ወላጆችም በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ከልጃችሁ ውጤት አስቀድማችሁ የቤተ ሙከራው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ።