ሽሮ፦ ከባዱ ሥራ ያለቀለት እራት

ከሥራ መልስ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ምድጃ የሚለኩስ ቤተሰብ፣ በደቡብ ጎንደር ደብረ ታቦር ይሁን ገሳይ፣ ልጆቹን እንቅልፍ ሳይጥላቸው ሊያደርስ የሚችለው ወጥ ጥቂት ነው። ዶሮ የበዓል ነው፤ ሥጋ ወጥ ፋታ ይፈልጋል፤ ያልተከካ ባቄላና አተር ደግሞ ከሥጋም የባሰ እሳት ይበላል። ስለዚህ አብዛኛውን ማታ ሽሮ ይሠራል፤ ተሠርቶም «ዛሬም ሽሮ?» ይባላል። ሽሮ ሌላው ሲጠፋ ብቻ የሚታሰብ የችግር ቀን ወጥ ተደርጎ መታየቱ የተለመደ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ለሥራ ቀን ማታ ሆን ተብሎ የተበጀ የሚመስል፣ እጅግ የታሰበበት ምግብ ነው። የሚፈጥነውም ሥራ ስለሌለው አይደለም፤ ከባዱ ሥራ ከወራት በፊት ስላለቀ ነው።

ያ ሥራ የሚጀምረው እህሉ ከአውድማ ከገባ በኋላ ነው። የደቡብ ጎንደር ደጋ፣ በተለይ ፋርጣና ጋይንት፣ ባቄላና አተር ያበቅላል። ወደ ጣና ወረድ ሲሉ የሚገኘው የፎገራ ሜዳ ደግሞ ሩዙ ከተነሳ በኋላ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። አሠራሩ እንደየቤቱ ቢለያይም ዋናው መንገድ አንድ ነው። ጥራጥሬው ይለቀማል፣ በምጣድ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላና ጨው ተመጥነውለት ወፍጮ ቤት ይሄዳል። በርበሬው አብሮ ከገባ ምጥን ሽሮ ነው፤ ካልገባ ነጭ ሽሮ ይባላል፣ ለአልጫም ይሆናል። የባለሙያ እጅ የሚለየው አመሳው ላይ ነው። እሳት ያነሰው ፍሬ ወጡን ጥሬ ጥሬ ያሰኘዋል፤ የበዛበት ያመርረዋል። በደንብ የታመሰው ግን ገና በዱቄትነቱ ግማሽ መንገድ በስሏል።

ለደጋ ሰው ይህ አሠራር ከጣዕም ያለፈ ምክንያት አለው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በአቅራቢያዋ ያለው ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ጠረፍ ባለችው ምጽዋ 100 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ ውሃ ደብረ ታቦር ላይ 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ከዚያ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከፍ አይልም። ሙሉ ባቄላ በደጋ ማገዶ የሚፈጀው ለዚህ ነው፤ ጠንካራው ፍሬ እስከ ውስጡ እንዲለሰልስ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ግን ከ80 ዲግሪ በታች ባለ ሙቀት ውሃ ጠጥቶ ይወፍራል። ደቃቅ ስለሆነም ሙቀቱ ወዲያው ያገኘዋል። ወፍጮው ከፍታው የነሳንን ሙቀት በሌላ መንገድ ይተካልናል ማለት ነው።

ማታ የሚቀረው ሥራ እንግዲህ ይህን ያህል ነው። ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፋል፣ ይቁላላል፣ ዘይት ይገባበታል፤ ሽሮው ነጭ ከሆነና ቀይ ወጥ ከተፈለገ በርበሬ ይጨመራል። ለአንድ ኩባያ ሽሮ ሦስት ወይም አራት ኩባያ ውሃ ይበቃል። ውሃው ሲፈላ ዱቄቱ በአንድ እጅ በስሱ ይነሰነሳል፣ በሌላው እጅ ይማሰላል። ባንድ ጊዜ ከተገለበጠ ይጓጉላል፤ ይህን የሚፈራ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ይጨምረዋል። መወፈር ሲጀምር እሳቱ ይቀነስና እየተማሰለ ይንተከተካል። ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ጥሬ ሽታው ሲጠፋ ደርሷል። ሁሉም ተደምሮ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ከዚያም ውስጥ ሰፊውን ጊዜ የሚወስደው ሽንኩርቱ ነው። በጋዝ፣ በከሰል ወይም በኤሌክትሪክ ቢሠራ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንደሚባለው፣ እዚህ ላይ ፍጥነቱንም ጣዕሙንም የያዘው ዱቄቱ ነው። እንጀራውም ቢሆን ቀናት የፈጀ ሊጥ ተጋግሮ ሞሰብ የገባ ስለሆነ ለዚያ ማታ ሥራ አይጨምርም።

«ፓስታና ሩዝ አይፈጥኑም ወይ?» ይባል ይሆናል። ፓስታው ራሱ በደቂቃዎች ይበስላል፤ ሱጎው ግን እንደ ሽሮው ሽንኩርት ይከተፍለታል፣ ላዩ ላይ ቲማቲም ይጨመራል። በደጋ ውሃ ደግሞ ፓስታውም ከፓኬቱ ጽሑፍ ይዘገያል። የፎገራ ሩዝ የአካባቢው ምርት ስለሆነ ገበታ ላይ መምጣቱ የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም እሱም ወጥ ይፈልጋል። ሁለቱም ለለውጥ ያህል ጥሩ ናቸው፤ የሽሮን ቦታ ግን አይተኩም። ሽሮ ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚዘልቀውን ዐቢይ ጾምንም ያሻግራል፤ በፍስክ ቀን ቅቤ ይገባበታል፣ ቋንጣ ወይም ሥጋ ሲጨመርበት ቦዘና ይሆናል፣ ወፈር ብሎ በሸክላ ሲቀርብ ተጋቢኖ ነው። የተረፈው ደግሞ ለጠዋት ፍትፍት ይሆናል። «ሰለቸን» የሚሉ ልጆች ባሉበት ቤት ችግሩ ብዙውን ጊዜ አንዱን ዓይነት ብቻ መደጋገሙ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የድካም ነው። የማታው ግማሽ ሰዓት የተገዛው በሴቶች የቀናት ልፋት እንደሆነ መካድ አይቻልም፤ ሲለቅሙ፣ ሲያምሱና ሲያበጥሩ የሚውሉት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። መልሱ ግን ሽሮን መተው አይደለም። ሽሮ ባይኖር ያ ድካም በየማታው ተበታትኖ ይመጣ ነበር፤ ያውም ሰው በደከመበትና ልጅ በሚያለቅስበት ሰዓት። ሽሮ ሥራውን ሰብስቦ ወደ አንድ ቅዳሜ ይወስደዋል፤ አንድ ላይ የተሰበሰበ ሥራ ደግሞ ለመከፋፈል ይመቻል። ጥራጥሬ መልቀም ዕድሜ አይመርጥም፣ ማመስና ወፍጮ ቤት መሸከምም የሴት ብቻ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ጊዜ የሌለው ቤት ከታመነ ባልትና ቤት መግዛት ይችላል፤ ያም ቢሆን ቀድሞ ለተሠራ ሥራ ዋጋ መክፈል ነው።

በጤና በኩል ሽሮ ከእንጀራ ጋር ሲበላ ሚዛኑ የተስተካከለ ነው፤ ጤፍና ገብስ የሚያንሳቸውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ይሞላል፣ ጥራጥሬው የሚጎድለውን ደግሞ እህሉ። ጎመን ወይም ሰላጣ ከጎኑ ከተገኘ ለሥራ ቀን እራት ሙሉ ነው። አንድ ነገር ግን በዋዛ አይታለፍም፤ እሱም ጓያ ነው። ርካሽ በመሆኑ ከሽሮ እህል ጋር ይቀላቀላል። ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ግን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ያሽመደምዳል፤ በሽባነትም ያስቀራል። በ1969 ዓ.ም. አካባቢ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። ቆልቶ መፍጨት መርዙን ጨርሶ አያጠፋውም። ዱቄት ከሆነ በኋላ ጓያን በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር፣ መጠንቀቅ የሚቻለው በፍሬው ጊዜ ነው።

ስለዚህ የሥራ ቀን እራት ያስጨነቀው ቤተሰብ አዲስ የምግብ አሠራር ፍለጋ ከመድከሙ በፊት ጓዳውን ይመልከት። ጥራጥሬውን በፍሬው ገዝቶ፣ ጓያውን ለይቶ፣ ባልም ሚስትም ልጆችም ባሉበት ይልቀመው። አንድም ነጭ፣ አንድም ምጥን አስፈጭቶ፣ እርጥበት በማያገኘው ዕቃ ከድኖ ያስቀምጥ። ብዙ ቆይቶ ጣዕሙ እንዳይለወጥም ለዓመት ሳይሆን ለጥቂት ወራት የሚበቃውን ብቻ ያስፈጭ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ የሚቀረው ሽንኩርት መክተፍ ብቻ ይሆናል፤ እሱንም ቀድሞ የገባ ይክተፈው።