«ጃጅተዋል» ከማለታችን በፊት

የደቡብ ጎንደሩ ጋይንት የቃል ትምህርት አገር ነው። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔምም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም እዚያው ናቸው። ዳዊቱን ሳያደናቅፋቸው በቃላቸው የሚደግሙ መሪጌታ ግን ጠዋት ቁርስ መብላታቸውን ሊረሱ ይችላሉ። የመርሳት በሽታ አዲሱን ነገር አስቀድሞ ይወስዳል፤ በልጅነት ተቀጽሎ የተያዘው ብዙ ቆይቶ ነው የሚነካው። ሰው ዳዊቱን እየሰማ «እሳቸውማ ምን ይረሳሉ» ሲል ሕመሙ ሳይታወቅ ዓመታት ያልፋሉ።

በስማዳ አንድ አራሽ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ወጥቶ በዓለም የተሰራጨው የታወቀ የአእምሮ መመዘኛ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እያሉ መቀነስን፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍን፣ ሥዕል መገልበጥን ይጠይቃል። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ አዛውንት አእምሯቸው ሙሉ ሆኖ ሳለ ይወድቃሉ። ትምህርት ቤት ላልገቡ ሰዎች የተዘጋጀ ሌላ መመዘኛ አለ፤ እሱ አዛውንቱን ብቻ ሳይሆን አብሯቸው የሚኖረውንም ሰው ይጠይቃል። እኔ ይህን ሁለተኛውን ክፍል አብልጬ አምነዋለሁ። ሚካኤል ካለፈ ስንት ቀን እንደሆነ አዛውንቱ ያውቁ እንደሆነ፣ አቦሉን ጠጥተው «ቡና አልቀመስኩም» ይሉ እንደሆነ፣ ከገበያ ሲመለሱ ደጃቸውን ይስቱ እንደሆነ ምራታቸውን የሚያህል ምስክር የለም። ለውጡ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ቀስ በቀስ እየባሰ የዕለት ኑሯቸውን ካወከ እርጅና ብቻ ነው ብሎ መተው አይገባም።

በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መቀባዠር ከጀመሩ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሳንባ ወይም የሽንት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ይታከማል። ጤና ጣቢያው ሊጠረጥራቸው የሚገቡ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፦ ድባቴ፣ የእንቅርት ዕጢ መዳከም፣ የደም ማነስ፣ ቂጥኝ፣ ኤች አይ ቪ፣ አረቄ። የጆሮ መድከምና የዓይን ሞራም ሰውን ዝንጉ ያስመስላሉ። ለእንቅልፍ ተብሎ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ራሱ የአዛውንትን ትውስታ ያደክማል። ድባቴን ደግሞ በተለይ መጠርጠር ይገባል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እዚሁ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ገብቶ ነበርና፣ ሐዘን ዝም ያሰኘውን ሰው «ጃጅተዋል» ብሎ መተው በደል ነው።

አዛውንትን ስለ መርሳት መጠየቁ ለምን ይህን ያህል ዘገየ? የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት በሌለበት ለሚሠሩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የአእምሮ ጤና መመሪያ የመርሳት በሽታን ይዟል። ኢትዮጵያ በመመሪያው መሥራት ስትጀምር ግን ቅድሚያ ያገኙት ከባዱ የአእምሮ ሕመም፣ ድባቴ፣ የሚጥል በሽታና የአልኮል ችግር ነበሩ። ባለሙያ ጥቂት፣ ሕዝቡም ወጣት በመሆኑ ምርጫው ይገባኛል። አሁን ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለእናትና ለሕፃን ቤት ለቤት ስትዞር ምድጃው ዳር የተቀመጡትን አያትም ትጠይቅ ዘንድ ሥልጠናው ሊሰጣት ይገባል።

የመርሳት በሽታን የሚያድን መድኃኒት የለም። ዶኔፔዚል የተባለው መድኃኒት ለአንዳንዶች ጥቂት ይረዳል፤ እሱም የስፔሻሊስት ውሳኔ ስለሚሻ ከእስቴም ከስማዳም ደብረ ታቦር ድረስ ያስኬዳል። አንጎልን የሚጎዱትን የደም ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር ግን እዚያው ጤና ጣቢያ ይጀመራል። ቤት ውስጥም ዕቃው ከለመዱት ቦታ ባይነሳ፣ ቡናው በሰዓቱ ቢፈላ፣ ሲሳሳቱ ባይከራከሯቸው፣ ከሁሉም በላይ ባይታሰሩ ይረጋጋሉ። ሌሊቱን ስትጠብቃቸው የምታድረው ምራትም በራሷ ስም ካርድ ወጥቶላት፣ ቀጠሮ ተይዞላት፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው ልትባል ይገባል።