ክት ልብስ በካሜራ ፊት፦ የላኮታ መሪዎች አለባበስ በጥንት ፎቶግራፎች

ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነውን የላኮታን መሪዎች የድሮ ፎቶግራፎች የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚታለለው በቀለም ነው። በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፎቶ አንሺዎች ይሠሩበት የነበረው በኬሚካል የረጠበ ብርጭቆ ሰማያዊን ቶሎ ይቀበላል፤ ቢጫንና ቀይን ግን አያይም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰማያዊው ነጥቶ፣ ቢጫውና ቀዩ ጠቁሮ ይወጣል። ከላኮታ ነገዶች አንዱ የሆነው የኦግላላ ታላላቅ ሰዎች የሚለብሱት የሹመት ሸሚዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ቢጫ ይቀባ ነበር። አንዱ የሰማይን፣ ሌላው የዐለትን ኃይል ያመለክታል። በፎቶው ላይ ግን ላዩ የታጠበ፣ ታቹ የቆሸሸ ይመስላል።

ይህን ለማረም ሙዚየም ውስጥ የተረፉትን ሸሚዞችና የላኮታ ሰዎች ራሳቸው የሣሏቸውን ሥዕሎች ማመሳከር ግድ ነው። ከሠዓሊዎቹ አንዱ አሞስ ባድ ሃርት ቡል የተባለው ኦግላላ ነው። የሒሳብ መዝገብ ላይ የጦር ማኅበራቱን ልብስ፣ የፈረሱን ጌጥ፣ የጋሻውን ምልክት ሳይቀር ሥሏል። መዝገቡ በ1947 ከእህቱ ጋር ተቀበረ። ደግነቱ አስቀድሞ ፎቶ ተነሥቶ ስለነበር በ1967 በመጽሐፍ ሊታተም ቻለ። እነዚያ ባለ ቀለም ሥዕሎች አብዛኞቹ ለእኛ የተረፉት እነሱም በጥቁርና ነጭ መሆኑ ግን ያስቆጫል።

ላኮታ በሰሜን አሜሪካ ሰፊ ሜዳ፣ በተለይ ዛሬ ሳውዝ ዳኮታና ኖርዝ ዳኮታ በሚባሉት ግዛቶች የሚኖር፣ ሰባት ነገዶች ያሉት ሕዝብ ነው። ከሰባቱ በፎቶ ጎልተው የሚታዩት ኦግላላ፣ ሲቻንጉና ሁንክፓፓ ናቸው። የሹመት ሸሚዙ የሚሰፋው ከአጋዘን ወይም ከተራራ በግ ቆዳ ሲሆን በትከሻና በእጅጌ ላይ በጃርት እሾህ ወይም በጨሌ የተጠለፈ ጥብጣብ ይወርዳል፤ በዳርና ዳር የፀጉር ዘለላ ይንጠለጠላል። የፊልም ተመልካች ይህን ፀጉር ከጠላት ራስ የተገፈፈ አድርጎ ያስባል። አብዛኛው ግን ዘመድ ወዶ የሰጠው ወይም የፈረስ ፀጉር ነበር፤ ባለ ሸሚዙ የሚጠብቀውን ሕዝብ ያስታውሰዋል። ሸሚዙም የግል ንብረት አልነበረም። የኦግላላው ተዋጊ ክሬዚ ሆርስ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በ1860ዎቹ መጨረሻ ይህን ማዕረግ አግኝቶ፣ የሌላ ሰው ሚስት በመውሰዱ ተገፍፏል። የእሱ ነው ተብሎ በእርግጠኝነት የተረጋገጠ አንድም ፎቶግራፍ የለም።

የላባ ዘውዱም እንዲሁ በገበያ የሚገዛ ጌጥ አልነበረም። እያንዳንዱ ላባ ለአንድ የጀግንነት ሥራ ምስክር ነው፤ በእኛ አገር አንበሳ የገደለ ጎፈር ይደፋ እንደነበረው ማለት ነው። የሚመረጠው ነጭ ሆኖ ጫፉ የጠቆረው የወጣት ወርቃማ ንስር የጅራት ላባ ነው። አንድ ንስር ጅራቱ ላይ 12 ላባ ብቻ ስላለው፣ 30 ያህል ላባ ያለው ዘውድ ቢያንስ ሦስት ንስር ይፈልጋል። ስለዚህ ፎቶ ውስጥ አንድ ላባ ብቻ ሽቅብ የሰካ ሰው ድሃ ነው ማለት አይደለም። የሁንክፓፓው ሲቲንግ ቡል በዴቪድ ባሪ ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ደረት ላይ ከላይ እስከ ታች የሚደረደረው ረጃጅም ነጭ ዘንግ ብዙውን ጊዜ የጥንት ቅርስ ተብሎ ይታለፋል። ታሪኩ የፋብሪካ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ኒው ጀርሲ ውስጥ ከካሪቢያን ባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይሞረድ ነበር፤ ኋላ በከብት አጥንት ተተካ። ጆን ዩወርስ የተባለው አጥኚ በ1957 ዝርዝሩን ጽፎታል። ጨሌው ከቬኒስና ከቦሂሚያ፣ ቀዩና ሰማያዊው የሱፍ ጨርቅ ከእንግሊዟ ስትራውድ ከተማ ይመጣ ነበር። በአንዳንዶች አንገት ላይ የሚታየው ትልቅ የብር ሜዳይ ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምስል የተቀረጸበት የመንግሥት ስጦታ ነው።

ይህን ሁሉ ወደ ልብስነት የለወጡት ሴቶች ናቸው። የጃርቱን እሾህ ቀለም ነክረው፣ በአፋቸው አርጥበው፣ በጥርሳቸው አለስልሰው፣ ቆዳውን በወስፌ እየበሱ በጅማት ይሰፋሉ። አስገራሚው ነገር የጨሌ ጥልፉ ይበልጥ የተትረፈረፈው ጎሹ አልቆ፣ ሕዝቡ መንግሥት በከለለለት መሬት ከሰፈረ በኋላ፣ ከ1880 እስከ 1900 ባለው ጊዜ መሆኑ ነው። ሽርጥ፣ ሰደርያ፣ የሕፃን ጫማ ሶል ሳይቀር በጨሌ ተሸፈነ፤ የአሜሪካ ባንዲራም ከጥልፉ ገባ። የፎቶው መግለጫ የመሪውንና የፎቶ አንሺውን ስም ሲይዝ የሰፊዋን ስም አይይዝም፤ በዚህ ዘርፍ ትልቁ ጉድለት ለእኔ ይህ ነው።

ሰዎቹ እንዴት ካሜራ ፊት ቀረቡ? ፎቶ አንሺው አሌክሳንደር ጋርድነር በ1868 የአሜሪካ መንግሥት ከላኮታዎች ጋር ላደረገው ስምምነት ፎርት ላራሚ ሄዶ አንሥቷቸዋል። ከዚያ መንግሥት መሪዎቹን ለድርድር ዋሽንግተን ባመላለሳቸው ቁጥር ፎቶ ቤት መግባት የጉዞው አካል ሆነ። ሬድ ክላውድ የሚባለው የኦግላላ አለቃ ማህፒያ ሉታ በ1870 አልነሣም ብሎ በ1872 ተቀመጠ። እስከ ሞተበት 1909 ድረስ ከ100 በላይ ፎቶ ተነሥቷል። አንዳንድ ፎቶ ቤት የራሱን ሸሚዝና ላባ አስቀምጦ ለመጣው ሁሉ ያለብስ ስለነበር፣ አጥኚዎች አንዱን ሸሚዝ በተለያዩ ሰዎች ገላ ላይ ያገኙታል። የፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ከርቲስ ጥፋት የባሰ ነው። ፒጋን በተባሉት ጎረቤት ሕዝቦች ድንኳን ውስጥ ያነሣውን አንድ ሰዓት ከኔጋቲቩ ላይ ፍቆ አጥፍቶታል። የሚፈልገው ዘመናዊ ዕቃ ያልነካው የአሜሪካ ነባር ተወላጅ ነበር።

በዚህ ምክንያት ላባ ያለበት ፎቶ «እውነተኛ»፣ ኮት ያለበት ደግሞ «የተሸነፈ» ተብሎ ይነበባል። ይህ ንባብ ትክክል አይመስለኝም። ሬድ ክላውድ በ1883 ኒው ሄቨን ውስጥ ከቅሪተ አካል ሊቁ ከኦትኒየል ማርሽ ጋር ሲጨባበጥ ሱፍ ለብሶ ፒፓ ይዟል። ማርሽ በ1875 ስለ ተበላሸው የቀለብ አቅርቦት የሬድ ክላውድን አቤቱታ ዋሽንግተን ያደረሰ ሰው ነው። ሬድ ክላውድ የለበሰው ለወዳጁና ለጉዳዩ የሚመጥነውን ነው። መንግሥት ለነባር ሕዝቦች ልጆች ያቋቋመው የካርላይል አዳሪ ትምህርት ቤት ልጆች ኮት ግን ሌላ ነገር ነው። ከ1879 ጀምሮ ፎቶ አንሺው ጆን ቾት ልጆቹን ሲገቡ በቆዳ ልብስ፣ ቆይቶ ደግሞ ፀጉራቸው ተቆርጦ በደንብ ልብስ እያነሣ ጥንድ ፎቶ ይሸጥ ነበር። እነሱ አልመረጡም። ስለዚህ ስለ ልብሱ ዓይነት ከመጠየቅ በፊት ማን መረጠው ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የኦግላላው አይረን ቴይል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1898 ባፋሎ ቢል ከሚባለው ሰው ተዘዋዋሪ ትርኢት ጋር ኒው ዮርክ ሲመጣ ፎቶ አንሺዋ ገርትሩድ ካሰቢር የላባውን ዘውድና ጌጡን አስወልቃ ፊቱን ብቻ አነሣች። ዛሬ ያ ፎቶ የጥበብ ሥራ ተብሎ ይደነቃል። እሱ ግን ቅጂው ሲደርሰው ቀደደው፤ ካሰቢርም በሙሉ ጌጡ እንደገና አነሣችው። ሲቲንግ ቡልም ካሜራ ፊት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። በ1885 ከባፋሎ ቢል ጋር የተዋዋለው በሳምንት 50 ዶላር ሲሆን፣ ፎቶግራፉንና ፊርማውን የመሸጥ መብት የራሱ እንዲሆን በውሉ አስጽፏል።

በዲሴምበር 29፣ 1890 የአሜሪካ ጦር ዉንድድ ኒ በተባለ ቦታ በላኮታዎች ላይ ከፈጸመው ጭፍጨፋ በኋላ የተነሡት ፎቶዎች ከዚህ ሁሉ ይለያሉ። አለቃው ቢግ ፉት በረዶ ላይ ደርቆ የሚታየው በተራ ኮትና ራሱን በጠመጠመ ጨርቅ ነው፤ ላባም፣ ሜዳይም የለም። ጥይት አይበሳቸውም ተብለው የታመኑት፣ የመንፈስ ውዝዋዜ የተባለው የእምነት ንቅናቄ ተከታዮች ሸሚዞች ግን ተሰብስበው ተሸጡ። አንዱ በ1892 ግላስጎው፣ ኬልቪንግሮቭ ሙዚየም ገባ። ላኮታዎች ለዓመታት ከተከራከሩ በኋላ በ1999 ተመለሰላቸው።

የዛሬ የላኮታ ባለሙያዎች እነዚህን ፎቶዎች እንደ ንድፍ ይጠቀሙባቸዋል፤ አጉልተው የጨሌውን ረድፍ ይቆጥራሉ፤ ኦግላላው ሠዓሊ አርተር አሚዮት ደግሞ ቆራርጦ ከሥዕሉ ጋር ይለጥፋቸዋል። ዘውድ ለመሥራት ግን ፎቶው ብቻውን አይበቃም። ንስር በፌዴራል ሕግ ስለሚጠበቅ፣ ላባ ፈላጊው ኮሎራዶ ወደሚገኘው የመንግሥት ማከማቻ አመልክቶ ወረፋ ይጠብቃል። የወጣት ወርቃማ ንስር ወረፋ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።