የብረታ ብረት ገጽ በኤሌክትሮን ሲመረመር

ዳቦ ሲቆረስ የሚገለጠው ገጽ ከውስጡ አይለይም። የብረታ ብረት ክሪስታል ሲቆረጥስ? በገጹ ላይ ያሉት አቶሞች ከላይ በኩል ጎረቤት የላቸውም፤ ታዲያ የውስጦቹን አደራደር እንደያዙ ይቆያሉን? ጥያቄው የጉጉት ብቻ አይደለም። ለማዳበሪያ መሠረት የሆነው አሞኒያ የሚመረተው ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን በብረት ካታሊስት ላይ ሲዋሐዱ ነው። ካታሊስት ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ሲሆን፣ ይህን የሚያከናውነውም በገጹ ነው።

ኤክስሬይ በተለመደው አጠቃቀሙ ወደ ክሪስታሉ ጠልቆ ስለሚገባ፣ ከብዙ ሺህ ንብርብሮች የሚመጣው ምልክት የላይኛውን ይውጠዋል። ከ20 እስከ 500 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ኤሌክትሮን ግን ከጥቂት ንብርብሮች አልፎ ሳይዘልቅ የገጹን ወሬ ይዞልን ይመለሳል።

ለዚህ ዘዴ በር የከፈተው አንድ አደጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ኒውዮርክ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ፣ ክሊንተን ዴቪሰንና ሌስተር ገርመር በኒኬል ላይ ኤሌክትሮኖችን ሲወረውሩ የፈሳሽ አየር ዕቃ ፈነዳ። አየር ወደ መሣሪያው ገባ፤ የጋለውም ኒኬል ኦክሳይድ ለበሰ። ለማጽዳት ለረጅም ጊዜ ሲያግሉት፣ ጥቃቅን የነበሩት ክሪስታሎቹ ወደ ጥቂት ትላልቅ ክሪስታሎች ተለወጡ። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሮኖቹ በተወሰኑ አቅጣጫዎች በርትተው ይመለሱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1927 እንዳሳወቁት፣ የ54 ኤሌክትሮን ቮልት ጨረር በ50 ዲግሪ ላይ ጎልቶ ታየ። በኒኬሉ ገጽ ላይ ያሉት የአቶም ረድፎች ርቀት 0.215 ናኖሜትር ነው። ይህን በሳይን 50 ዲግሪ ስናባዛ 0.165 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት እናገኛለን፤ ሉዊ ደ ብሮይ እ.ኤ.አ. በ1924 ያቀረበው ቀመር ደግሞ 0.167 ይሰጣል። ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ እንደሚሠራ በዚህ ተረጋገጠ።

ዛሬ ንጹሑ ክሪስታል አየር በተመጠጠበት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ግፊቱ አንድ ሚሊዮንኛ ቶር ቢሆን እንኳ በአንድ ሴኮንድ ገደማ ውስጥ አንድ ንብርብር ጋዝ ገጹን ሊሸፍነው ስለሚችል፣ ከዚያም በአሥር ሺህ እጥፍ ያነሰ ግፊት ያስፈልጋል። ተመላሾቹ ኤሌክትሮኖች በመስታወት ሰሌዳ ላይ ብሩህ ነጥቦችን ይሠራሉ። የነጥቦቹ አቀማመጥ በገጹ ላይ እየተደጋገመ የሚሄደውን ንድፍ ቅርጽና መጠን ይነግረናል፤ እያንዳንዱ አቶም በንድፉ ውስጥ የት እንዳለ ግን አይነግረንም። ይህን ለማወቅ ቮልቴጁን እየለዋወጥን የየነጥቡን ድምቀት እንለካለን። ከዚያም የአቶሞቹን ቦታ በግምት አስቀምጠን በኮምፒዩተር እናሰላለን፤ ስሌቱና ልኬቱ እስኪቀራረቡም ግምቱን እናርማለን።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ፕላቲኒየም አቶሞቹ በካሬ በሚደረደሩበት አቅጣጫ ሲቆረጥ፣ የንጹሑ ገጽ የመጨረሻ ንብርብር ካሬነቱን ትቶ ወደ ስድስት ማዕዘን የተጠጋ፣ ይበልጥ የታጨቀ አደራደር ይይዛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲያርፍበት ደግሞ ወደ ካሬው ይመለሳል። ጌርሃርድ ኤርትል እንዲህ ያሉ ለውጦችን በመከታተል የኬሚካዊ ሂደቶችን ምሥጢር ገልጾ እ.ኤ.አ. በ2007 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። የብረታ ብረት ገጽ፣ እንግሊህ፣ እንደ ዳቦው ቁራሽ አይደለም፤ እንግዳ ሲመጣ ቤቱን እንደገና የሚያሰናዳ ነው።