የኢቃማው ቀን ሳያልፍ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር ሲኖር የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱም ዕድሜ አለው። በጊዜው ካልታደሰ ትናንት ሕጋዊ የነበረ ሠራተኛ ዛሬ ሕገ ወጥ ይባላል። ሰውየው ያው ነው፤ ሥራውም ያው ነው፤ ያለፈው ቀኑ ብቻ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ቀን ነው። ለምሳሌ የምንወስደውም ብዙ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን የሚሠሩባትን ሳዑዲ ዓረቢያን ነው።

በመጀመሪያ ከሪያድ የተመለሰች አንዲት እህት ያጫወተችንን እንንገራችሁ። በአንድ ቤት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሠራች። የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ታድሷል ወይ ብላ ስትጠይቅ ችግር የለም ትባላለች። አንድ ቀን ለእናቷ ገንዘብ ልትልክ ስትወጣ ፖሊስ አስቆማት። ለካ ፈቃዱ ካለፈ ሰባት ወር ሆኖታል! ይህች እህት አልሰረቀችም፤ ሰውም አልበደለችም። ነገር ግን ታስራ ተመለሰች። የሦስት ወር ደመወዟም እዚያው ቀረ።

ይህ የአንዲት ሴት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማሰስ ሲጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ብዙዎቹ በባሕር ያለ ቪዛ የገቡ ነበሩ። በደንብ ገብተው ኋላ ወረቀታቸው የተበላሸባቸውም ነበሩባቸው።

ኢቃማን የሚያድሰው ማን ነው?

የመኖሪያ ፈቃዱ በዓረብኛ ኢቃማ ይባላል። ቪዛ በር ያስገባል፤ የሚያኖረው ግን ኢቃማ ነው። አዲስ ሠራተኛ በገባ በ90 ቀን ውስጥ አሠሪው ኢቃማ ሊያወጣለት ይገባል። የሚያድሰውም አሠሪው ነው። ክፍያውም የአሠሪው ነው። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የሥራ ፈቃድን፣ የመኖሪያ ፈቃድንና የደርሶ መልስ መጓጓዣን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ደንግጓል። ስለዚህ ለእነዚህ ነገሮች ገንዘብ አምጡ የሚል ደላላ ቢመጣ አትስጡት። «ፍሪ ቪዛ» የሚባል ነገርም በሕግ የለም። በአንድ ሰው ስም ገብቶ ሌላ ቦታ መሥራት ያስይዛል።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የማደሱ ሥራ የአሠሪው ሲሆን፣ ሳይታደስ ቢቀር መንገድ ላይ የሚያዘው ሠራተኛው ነው። ስለዚህ አሠሪዬ ያውቃል ብሎ መቀመጥ አይበጅም። የራስን ቀን ራስ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቀኑ የት ተጽፏል?

ካርዱን አይቶ ብቻ መተማመን አይቻልም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ካርድ ለአምስት ዓመት የሚያገለግል ሲሆን፣ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ግን ላዩ ላይ አልተጻፈም። ቀኑ ያለው በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ነው። መዝገቡን በእጅ ስልክ «አብሽር» በተባለው አገልግሎት ማየት ይቻላል። ለዚህም በራስ ስም የወጣ የሳዑዲ ስልክ ቁጥር ያስፈልጋል። የሚስጥር ቁጥሩን ለማንም አትስጡ።

ቀኑ ከተገኘ በኋላ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ መለየት ያሻል። የኛ ዓመት 365 ቀን ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን 366 ይሆናል። የሂጅራ ዓመት ግን 354 ወይም 355 ቀን ነው። በሳዑዲ የኢቃማ ዕድሜ ለረጅም ዘመን በሂጅራ ሲቆጠር ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. የአገሩ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የመንግሥት ጉዳዮች በፈረንጆች አቆጣጠር እንዲሰሉ ወስኗል። ሆኖም ሁለቱም ዓይነት ቀኖች በወረቀት ላይ ሊያጋጥሙ ይችላሉ።

እስቲ እናስላ። ጥር 20 ቀን የወጣ ፈቃድ አንድ የሂጅራ ዓመት የሚያገለግል ቢሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚያበቃው ጥር 20 ሳይሆን ጥር 9 ወይም 10 ላይ ነው። በሦስት ዓመት ልዩነቱ ከአንድ ወር ያልፋል። በአገሩ ወር የሚቆጥር ሰው ገና ነው ሲል ቀኑ ያልፍበታል።

ምን እናድርግ?

1. የፓስፖርትን፣ የኢቃማንና የሥራ ውልን ቅጂ አንዱን ከራስ ጋር፣ ሌላውን አገር ቤት ባለ ቤተሰብ ዘንድ ማስቀመጥ ነው።

2. ፓስፖርት የባለቤቱ ነው። አሠሪ እንዲይዘው አልተፈቀደለትም። የፓስፖርትም ጊዜ ያልቃልና፣ ሳያልቅ በሪያድ ወዳለው ኤምባሲያችን ወይም በጂዳ ወዳለው ቆንስላ ማመልከት ነው።

3. ኢቃማው ሊያበቃ ሦስት ወር ሲቀረው አሠሪን መጠየቅ፤ ታድሷል ቢሉም መዝገቡን ራስ ማየት ነው።

4. በደል ቢደርስ ዝም ብሎ ከቤት ከመጥፋት በፊት ለኤምባሲ ወይም ለአገሩ የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይበጃል። አሠሪ ሠራተኛዬ ጠፋ ብሎ ካስመዘገበ፣ ይህም «ሁሩብ» ይባላል፣ ፈቃዱ ገና ያላለፈ ሰው እንኳ ሊያዝና ሊባረር ይችላል። ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከመጣ ግን ነፍስን ማዳን ይቅደም።

5. ጠቅልሎ ለመመለስ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ያስፈልጋል። ከወጣበት ቀን አንሥቶ የሚያገለግለው 60 ቀን ነው። በዚያ ውስጥ መሳፈር ነው።

ልጃችሁ ወይም እህታችሁ በዓረብ አገር ካለች፣ በስልክ ስታገኟት ከገንዘቡ በፊት የኢቃማሽ ቀን መቼ ነው በሏት። ቀኑንም ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አንዲት ቀን አስቀድሞ ማንበብ የዓመታት ድካምን ታድናለች።

ጥያቄዎች

ሀ. የኢቃማን ማደሻ የሚከፍለው ማን ነው?

ለ. መጋቢት 15 ቀን የወጣ ፈቃድ ለአንድ የሂጅራ ዓመት ቢያገለግል መቼ ያበቃል?

ሐ. ዓረብ አገር ያለ ዘመድ ካላችሁ፣ የፈቃዱን ማብቂያ ቀን ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።