ስለ ዋሻው እንሽላሊት

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ በድንጋይ ካብ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ እንሽላሊት ሳያይ አይቀርም። የገበሬው ልጅም ያያታል፤ ነገር ግን ትቷት ያልፋል። ሥጋዋ አይበላም፤ ለቆዳዋም ገዢ የለም። ፈላጊ ማጣቷ ጥበቃ ሆኖላታል።

ከወገንዋ የሆነ በሩቅ አገር የሚኖር አንድ እንስሳ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። ይኸውም ጎንዩሮሳውረስ ሉዊ የሚባለው የዋሻ ጌኮ ነው። አገሩ በደቡብ ቻይናና በሰሜን ቬትናም ያለው የኖራ ድንጋይ ተራራ ነው። በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው የኖራ ድንጋይን ያውቀዋል። የዝናብ ውሃ ድንጋዩን ቀስ በቀስ እያሟሟ ስንጥቅና ዋሻ ያበጅበታል። እንስሳውም ቀን በስንጥቁ ጥላና እርጥበት ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ነፍሳትን እየያዘ ይበላል። ብዙዎቹ ጌኮዎች ዓይናቸውን መክደን አይችሉም፤ እርሱ ግን የሚከደን የዓይን ቆብ አለው። እንስቲቱ በአንድ ጊዜ የምትጥለው ሁለት እንቁላል ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የጠፋው ቶሎ አይተካም።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ሊቃውንት ይህን እንስሳ መርምረው ስም ሰጡት፤ የተገኘበትንም ስፍራ ጻፉ። የጻፉት ለዕውቀት ነበር፤ ነጋዴዎች ግን መንገድ መሪ አደረጉት። በውጭ አገር ብርቅ እንስሳ በቤታቸው ማኖር የሚወዱ ሰዎች ለአንዱ ከ1500 እስከ 2000 ዶላር ይከፍሉ ነበርና፣ ለቃሚዎች በስፍራው በረከቱ። በ2006 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት እንደ ተገለጸው፣ እንስሳው መጀመሪያ ከተገኘበት ስፍራ ፈጽሞ ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ሊቃውንት አዲስ ዓይነት ጌኮ ባገኙ ጊዜ ስፍራውን ለይተው ከመጻፍ ተቆጠቡ። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥታት ጉባኤ የቻይናና የቬትናም ጎንዩሮሳውረሶች ያለ ፈቃድ ከአገር ወደ አገር እንዳይሸጡ ወሰነ።

በጎጃም ሜዳ ከብት የሚጠብቅ እረኛም የወፍ ጎጆ ያገኘ እንደ ሆነ ይኸው ፈተና ይደርስበታል። ያየውን ለጓደኞቹ ሁሉ ቢያወራ፣ እስከ ማታ በጎጆው እንቁላል አይተርፍም። አይቶ፣ ተደንቆ፣ ቅርንጫፉን ወደ ቦታው መልሶ ዝም ቢል ግን ጫጩቶቹ አድገው ይበራሉ። አንድን ነገር ማወቅ ዕውቀት ነው፤ ለማን መንገር እንደሚገባ መለየት ግን ጥበብ ነው።