የምናብ ቡድን ጨዋታ፣ ያስገኘው ገንዘብና የአሜሪካ የገቢ ግብር

  

የዛሬው ርዕሳችን በአሜሪካ የሚኖሩ ወንድሞቻችንን የሚመለከት ነው። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በስልኬ ፋንታሲ ፉትቦል እጫወት ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ከኩባንያው 1099 የሚባል ወረቀት ተላከልኝ። ገንዘቡ ሐራም ነው ስለተባልኩ ለድሆች ሰጥቼዋለሁ። በእጄ በሌለ ገንዘብ ግብር መክፈል አለብኝን?»

ጥያቄው ሁለት ጉዳዮችን ይዟል። አንዱ የዲን ነው፤ ሌላው የግብር ሕግ ነው። ሁለቱን ሳንቀላቅል በየተራ እንመልከታቸው።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ፋንታሲ ስፖርት ማለት ተጫዋቹ እውነተኛ ስፖርተኞችን መርጦ በምናቡ የራሱን ቡድን የሚያዋቅርበት ጨዋታ ነው። ስፖርተኞቹ ሜዳ ላይ በሠሩት መጠን ለእሱ ነጥብ ይቆጠርለታል። በድራፍትኪንግስና በፋንዱኤል በመሳሰሉት ኩባንያዎች ዘንድ ተወዳዳሪው የመግቢያ ገንዘብ ይከፍላል፤ ካሸነፈ ሽልማት ይወስዳል፤ ከተሸነፈ የከፈለው ይቀራል።

ብዙ ወጣቶች «ይህ የችሎታ ውድድር እንጂ ቁማር አይደለም» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የኢንተርኔት ቁማር ሕግ የተወሰኑ መስፈርቶችን የሚያሟላ ፋንታሲ ስፖርትን ከውርርድ ትርጉም ማውጣቱን ማስረጃ ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ ያ ሕግ ስለ ክፍያ ዝውውር የተጻፈ ነው፤ የግብርን ጉዳይ አይወስንም። እንዲያውም የአገሪቱ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ አይ.አር.ኤስ.፣ የሕግ ክፍሉ በ2020 ባወጣው ማስታወሻ ለኤክሳይስ ታክስ ሲባል የዕለታዊ ፋንታሲ የመግቢያ ክፍያ ውርርድ ነው ብሏል።

በዲናችን በኩል ሱረቱል ማኢዳህ 90ኛው አንቀጽ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ አድርጎ ከልክሏል። ሁሉም ከኪሱ አዋጥቶ አንዱ የሌላውን የሚወስድበት ጨዋታ በብዙ ዑለሞች ዘንድ ከዚሁ ይመደባል። መግቢያው ነፃ ሆኖ ሽልማቱን ከተወዳዳሪዎቹ ውጭ ያለ ሰው የሚሰጥበት ውድድር ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሐራም ገቢም ለግብር ይገለጻል

«ገንዘቡ ሐራም ከሆነ ገቢ አይባልም» ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። የአሜሪካ የግብር ሕግ ገንዘቡ በምን መንገድ እንደመጣ አይለይም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1961 ጄምስ በተባለው ጉዳይ በአደራ ሌብነት የተገኘ ገንዘብ እንኳ ለሌባው ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው ሲል ወስኗል። ታዋቂው ወንበዴ አል ካፖን በ1931 የ11 ዓመት እሥራት የተፈረደበት ግብር በማጭበርበር ነበር።

ወረቀቱ ምን ይላል?

ኩባንያው የሚልከው ፎርም 1099-ሚስክ ይባላል፤ አንድ ቅጂ ለተጫዋቹ፣ አንድ ቅጂ ለአይ.አር.ኤስ. ይደርሳል። በልማድ ፎርሙ ላይ የሚሰፍረው ከዓመቱ ሽልማት ላይ የመግቢያ ክፍያ ተቀንሶ የቀረው የተጣራ ትርፍ ነው። እስከ 2025 በተከፈለ ገንዘብ ፎርሙ የሚላከው ትርፉ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። በ2025 የወጣው ሕግ ከ2026 ጀምሮ ለሚከፈል ገንዘብ ይህን ወለል ወደ 2,000 ዶላር ከፍ አድርጎታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 600ም ሆነ 2,000 የኩባንያው የማሳወቅ ግዴታ ወለል ነው እንጂ የግብር ነፃነት አይደለም። 300 ዶላር ያተረፈም፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ባዋጡት ገንዘብ ውድድሩን ያሸነፈም ወረቀት ባይመጣለት እንኳ ማሳወቅ አለበት።

ሌላም ችግር አለ። አንድ ሰው በአንደኛው ኩባንያ 3,000 ዶላር አተረፈ፣ በሌላው 3,000 ዶላር ከሰረ እንበል። በእጁ የገባ አንድም ሳንቲም የለም። ነገር ግን ያተረፈበት ኩባንያ 3,000 ብሎ ያሳውቃል፤ የከሰረበት ኩባንያ ምንም አይልክም።

ኪሳራውና ወጪውስ?

ጨዋታው እንደ ቁማር ከታየ ኪሳራ የሚቀነሰው እስከ ትርፉ መጠን ብቻ ነው። ያውም ተቀናሾቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ በስኬጁል ኤ ለሚሞላ ሰው ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ግን ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚባለውን ለሁሉም የተፈቀደ ተቀናሽ ይወስዳል፤ ይህም ለ2025 ገቢ ለነጠላ 15,750፣ አብረው ለሚሞሉ ባልና ሚስት 31,500 ዶላር ነው። ዝርዝሩ ከዚህ ካልበለጠ ኪሳራው ምንም አይጠቅመውም። ከላይ ያነሳነው ሰው ምንም ሳያገኝ በ3,000 ዶላር ላይ ግብር ይከፍላል ማለት ነው።

ከ2026 ጀምሮ ደግሞ የሚቀነሰው የኪሳራው 90 በመቶ ብቻ ሆኗል። 10,000 አግኝቶ 10,000 የከሰረ ሰው በስኬጁል ኤ ቢሞላ እንኳ 9,000 ብቻ ይቀነስለታል፤ በቀረው 1,000 ግብር ይታሰብበታል።

ጨዋታው የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ከተባለ ከ2018 ጀምሮ ወጪው ጨርሶ አይቀነስም። ለምክር አገልግሎት የተከፈለ ገንዘብ፣ ኢንተርኔትና ኮምፒውተር ለተራ ተጫዋች ወጪ ሆነው አይያዙም። ጨዋታውን በመደበኛነት መተዳደሪያው ያደረገ ሰው በስኬጁል ሲ ወጪውን ሊያስመዘግብ ይችላል፤ ነገር ግን የግል ሥራ ግብር ይጨመርበታል፣ ተቀናሹም ከትርፉ አይበልጥም።

ጉዳቱ በግብሩ ብቻ አያበቃም። ትርፉ በዓመታዊ ገቢ ላይ ይደመራል፤ በስኬጁል ኤ የሚጻፈው ኪሳራ ግን ያንን ገቢ አይቀንስም። በመሆኑም ሜዲኬይድ፣ በኦባማኬር የሚሰጠው የኢንሹራንስ ድጎማ፣ ለዝቅተኛ ገቢ ሠራተኞች የሚሰጠው የግብር ተመላሽና የልጆች የኮሌጅ እርዳታ ሊነካ ይችላል። የዜግነት ማመልከቻውም ያልተከፈለ ግብር እንዳለ ይጠይቃል። በጨዋታ የተጀመረ ነገር የልጆችን ሐቅ እስከ መንካት ይደርሳል።

ለድሃ የተሰጠው ገንዘብ

ከሐራም የመጣን ገንዘብ ምንዳ ሳይጠብቁ ለችግረኛ ማውጣት ብዙ ዑለሞች የሚመክሩት ነው፤ ወንድማችን አላህ ተውበቱን ይቀበለው። ነገር ግን መስጠቱ ገንዘቡ ገቢ መሆኑን አያስቀረውም። መጀመሪያ ሙሉው ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ስጦታ ተቀናሽ ይታያል። ተቀናሽ የሚፈቀደውም ሕጉ ላወቃቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለተሰጠ ነው። አገር ቤት ላለ ዘመድ ወይም ለጎረቤት ችግረኛ በእጅ የተሰጠ አይቀነስም። ስለዚህ ከሐራም ገንዘብ ለመገላገል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚመጣበትን ግብር አስልቶ ይወቅ። አለዚያ በኋላ ዕዳው በቤተሰቡ ቀለብ ላይ ይወድቃል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መዝገብ ያዙ። የተጫወታችሁበትን ቀን፣ ኩባንያውን፣ የከፈላችሁትንና ያገኛችሁትን ጻፉ። ሂሳቡን ከመዝጋታችሁ በፊት የዓመቱን ዝርዝር አውርዳችሁ አስቀምጡ።

ሁለተኛ፣ ግብር ለሚሞላላችሁ ባለሙያ ሁሉንም ወረቀት ስጡ። አንዱን ብትደብቁ አይ.አር.ኤስ. ቅጂውን ከሞላችሁት ጋር አስተያይቶ ሲ.ፒ. 2000 የተባለውን ደብዳቤ ይልካል፤ ወለድ ይታሰባል፣ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። ደብዳቤው ከመጣ በቀነ ገደቡ መልስ ስጡ።

ሦስተኛ፣ ያለፈው ዓመት ላይ የተዘለለ ገቢ ካለ ፎርም 1040-ኤክስ ሞልታችሁ አስተካክሉ። የክፍለ ግዛታችሁ ሕግ ከፌዴራሉ ሊለይ ስለሚችል ያንንም ጠይቁ።

ውድ አድማጮች፣ በምንኖርበት አገር ቃል ገብተን ገብተናል፤ ቃልን መሙላት ደግሞ የሙእሚን መለያ ነው። በግብር ፎርም ግርጌ የምናኖረው ፊርማም የጻፍነው እውነት ስለመሆኑ የምንሰጠው ምስክርነት ነው። ጨዋታውን መተው ለዲንም ለኪስም ይበጃል፤ ያለፈውን ግን በእውነት ማሳወቅ ግዴታ ነው።

አላህ ሐላሉን አብቅቶን ከሐራም ያብቃቃን።